ለሆኪ በረኛ የተላክን ሽማግሌዎች

ሰው ሽማግሌ የሚሆነው ፀጉሩ ሲሸብት ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌ የሆንኩት ሌላው ሽማግሌ ለልጁ ሠርግ ኦሃዮ በመሄዱ ነው። ቦታው ከጎደለ ሰው ይፈለጋል፣ ሰው ሲፈለግ ደግሞ የእኔ ስልክ ይጠራል።

ያኔ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የማመላልስ የቫን ሹፌር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሃምሳን ከተሻገርኩ ቆየት ብያለሁ፣ ግን ለራሴ ገና አልነገርኩትም ነበር። ሠርግ ቤት ከወጣቶቹ ጋር እስክስታ እወርዳለሁ፣ በማግስቱ ወገቤን በቅባት ስታሽ እውላለሁ። ስለዚህ ጓደኛዬ ጌታቸው ደውሎ "ለቅዳሜ ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ" ሲለኝ በስህተት ሌላ ሰው ጋ የደወለ መሰለኝ።

"ማነው ሽማግሌ?" አልኩት።

"ጢምህን በመስታወት አይተኸው ታውቃለህ?" አለኝ።

ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ። ጉዳዩ የልጁ የብሌን መሆኑን ስሰማ ኩርፊያዬን ለሌላ ቀን አስተላለፍኩት።

ብሌንን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትናደድ በሁለቱም ዝም ትላለች። የሆኪ በረኛ ናት። ሆኪን ለማታውቁ፣ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የሚሏትን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ በረጅም ዱላ እያሳደዱ መረብ ውስጥ የሚከቱበት ጨዋታ ነው። በረኛዋ ፍራሽ የተጠቀለለባት መስላ በሩ ላይ ትቆማለች። ያቺ ጎማ ስትወነጨፍ ጤነኛ ሰው ይሸሻል፣ እሷ ግን ትጠጋታለች። የእኛ ሰው ልጅ እዚያ ምን ወሰዳት ብትሉ፣ ትምህርት ቤቷ አንድ ቀን ለሽርሽር ወደ በረዶ ሜዳው ወሰዳት፤ በዚያው ቀረች።

ጠቡን ያመጣው ተዝካር ነው። ብሌንን ያሳደጓት አያቷ፣ የጌታቸው እናት፣ ከገና በኋላ ዐረፉ። የአርባ ቀናቸው ተዝካር ሲደረግ ብሌን ስታስተናግድ ዋለችና ዓርብም ቅዳሜም ከልምምድ ቀረች። ለኮቿ፣ ለአሠልጣኟ፣ የላከችው መልእክት "የቤተሰብ ነገር አለብኝ" የሚል ብቻ ነበር። ኮቿ ዲያን ትባላለች፤ ስድሳን ያለፈች፣ ከሚኒሶታ የመጣች፣ ስትናገር ከንፈሯ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ሴት ናት። አንድ ሕግ አላት፤ ከልምምድ የቀረ ተጫዋች ማንም ይሁን ማን ጨዋታውን ቤንች፣ ማለትም የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ሆኖ ይጀምራል። በነጋታው እሑድ ብሌንን ቤንች ላይ አስቀመጠቻት፣ ቡድኑም ተሸነፈ። ብሌን በሁሉም ፊት "ስለ እኛ ምንም አታውቂም" ብላ የፊት መከላከያዋን መሬት ላይ ጥላ ወጣች። ኮቿ ይቅርታ ጠይቃ ትግባ አለች፤ ብሌን መጀመሪያ እሷ ትጠይቀኝ አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ተገተረ።

ብሌን ከወጣች ወዲህ ቡድኑ ቁልቁል ወርዶ አሁን የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። እሑድ ካሸነፉ ፕሌይኦፍ የሚሉት ጥሎ ማለፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ካልሆነ ዓመቱ አበቃ። ጌታቸውን ያስጨነቀው ግን ዋንጫው አልነበረም። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ የቡድኑን ጨዋታ በስልኳ በድብቅ ታያለች፣ ጎል ሲገባ ትራሷን ትደበድባለች። አያቷ ካረፉ ወዲህ የምትስቀው በረዶው ላይ ብቻ ነበር፣ አሁን እሱም ቀረ። መመለስ ትፈልጋለች፣ ኩራቷ አላስገባ አላት። "እሑድ ካልተመለሰች ለሁልጊዜውም አትመለስም" አለኝ ጌታቸው፤ ድምፁ ደስ አላለኝም። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ታላላቆቼን በቫኔ ሰበሰብኳቸው። ጋሽ ተሰማ የሽምግልናው አለቃ ናቸው፤ በሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ሐጂ ሰኢድ ወሎዬ ናቸው፤ ዋይት ሴንተር ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላቸው፣ ምርቃታቸው ደግሞ ከሱቃቸው ይሰፋል። ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከኋላ ገቡ። ሁለቱ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ሆኪ የሚባል ነገር ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነበር፤ የኮቱ ቁልፍ ግን አልገጥም አለ።

የኮች ዲያን ቤት ከኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ዳገቱን ወጣ ብሎ ነው። ደወሉን ስጫን ውሻ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ። ኮቿ የሐጂን ቆብ አየች፣ የጋሽ ተሰማን ጋቢ አየች፣ ከዚያ እኔንና ኮቴን አየች። አፌን ሳልከፍት፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን አለኝ ብላ በትሕትና ዘጋችው።

"ምን አለች?" አሉ ሐጂ ሰኢድ።

"ቤተ ክርስቲያን አለኝ አለች።"

"ይሁንላት፤ እኔ መች ከለከልኳት?" አሉ።

እንደገና ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ጋሽ ተሰማ ያዙኝ። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን በር ቢዘጋበት ነውር የለውም፣ እንዲያውም ወጉ ነው አሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ሰው ነገሩን አቅልሎታል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ተመልሰን፣ ሳምንት ቅዳሜ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲያ ሦስተኛ እንመጣለን አሉና ወደ ቫኑ አመሩ።

ጨዋታው እኮ ነገ ነው አልኳቸው። ሁለቱም ቆሙ። ሐጂ ሰኢድ ጨዋታውን ለሁለት ሳምንት እንዲያሻግሩት ቢለመኑስ ብለው ጠየቁ። እንደማይሆን አስረዳሁ። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ብዙ አሰቡ። ሦስት ምልልስ መቅረት የለበትም፣ ግን ወጉ ስለ ምልልሱ እንጂ በመካከሉ ስለሚያልፈው ጊዜ ርዝመት ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም አሉ። "መኪናዋን አስነሳና ዙር" አሉኝ። "ስንመለስ ሌላ ቀን ነው። በደንብ ዙር ታዲያ፤ እውነት ይምሰል።"

ሬኒየር አቬኑ ድረስ ወርጄ፣ ሁለት መብራት ይዞኝ፣ በሌላ መንገድ ተመለስኩ። ቫኑን ፓርክ ሳደርግ ሐጂ ሰኢድ ከኋላ "እንዴት ሰነበታችሁ?" አሉን። ጋሽ ተሰማም "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቤተሰብ ደህና?" አሏቸው። የምራቸውን ነው።

በዚህኛው ዙር በሩ እንደተከፈተ የብሌንን ስም ጠራሁ። የኮቿ ፊት ተለወጠ፤ ግቡ አለችን። ወንበር አቀረበች፣ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ ውኃም አይጠጣም። ወገባችንን ያመመን መስሏት ትራስ አመጣች፤ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ውሻው ተቀመጠ። ሐጂ ሰኢድ ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው ቤቷን መረቁ፣ እኔ አስተረጎምኩ። "ከብትሽ ይርባ" ሲሉ ወደ ውሻው አየሁና "ውሻሽ ይደግ" አልኩ። ኮቿ ዐሥራ አንድ ዓመቱ እንደሆነ ነገረችን።

ከዚያ ልጃችን ትመለስ ዘንድ ልንለምንሽ መጥተናል አልናት። ጨርሳ ሰማችን። ብሌንን እንደምትወዳት፣ እንደሷ ያለ በረኛ አሠልጥና እንደማታውቅ፣ ግን ለአንዷ ሕጉን ካጠፈች ለሌሎቹ ምን እንደምትላቸው ጠየቀችን። ይቅርታ ሳትጠይቅ አትገባም፣ አይሆንም አለች።

እኔ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ዞር ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊታቸው በርቷል። ጋሽ ተሰማ በጆሮዬ "ሁለተኛው እምቢታ ተገኘ፣ ነገሩ ወደ መልካም ሄዷል" አሉኝ። እጅ ነስተው፣ ደስ ብሏቸው ወጡ። ኮቿ እንዲያ እምቢ ብላቸው እንዲያ የተደሰቱ ሰዎች አይታ ስለማታውቅ መስኮቱ ላይ ቆማ ቫኑ እስኪጠፋ አየችን።

በመንገድ ላይ የቀትሩ የዙህር ሰላት ደረሰና ሐጂ አንድ ወዳጃቸው ሱቅ ገብተው ሰገዱ። ስንመለስ ዝናቡ ጀምሯል፣ ኮቿ ደግሞ ካፖርት ለብሳ በረንዳው ደረጃ ላይ ትጠብቀናለች። ጎረቤቷም አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ስንት ጊዜ ልትመላለሱ ነው አለችን። ይህ የመጨረሻው ነው አልኳት፤ እሺ እስክትይ እዚሁ እንቆማለን። ዝናቡን አየች፣ የጋሽ ተሰማን ጋቢ አየች። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር።

በሦስተኛው ላይ ዋናው ነገር ይወጣል። ጋሽ ተሰማ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ ልጅቷ የቀረችው ላሳደጓት አያቷ የአርባ ቀን መታሰቢያ መሆኑን ነገሯት።

ኮቿ ወደ እኔ ዞረች። "ያቺ ነጭ የምትለብሰው አያቷ? መስታወቱን በጣቷ የምትመታው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። በየጨዋታው መጥተው ሜዳውን ከከበበው መስታወት ኋላ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ መቅረታቸውን ስታይ የት ሄዱ ብላ ብሌንን ጠይቃት ልጅቷ ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀችባት። ኮቿ እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አልቅሳለች አላለቀሰችም ለማለት ዝናቡ አስቸገረኝ።

"ለምን አልነገረችኝም?" አለች።

"የኛ ልጆች እንዲህ ናቸው" አሉ ሐጂ ሰኢድ፣ እኔም አስተረጎምኩ። "እሷ ባለመናገሯ አጥፍታለች። አንቺም ሳትጠይቂ በመፍረድሽ አጥፍተሻል። በይ አሁን ተነሺና መኪና ውስጥ ግቢ።"

በሕይወቷ እንዲህ ታዝዛ የምታውቅ አይመስለኝም። ተነሥታ ገባች።

ጌታቸው የሚኖረው ሬኒየር ቢች፣ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እየነዳሁ ሥርዓቱን ለኮቿ አስረዳኋት። ብሌን ታናሽ ስለሆነች ጎንበስ ብላ ጉልበትሽን ልትስም ትመጣለች አልኳት። ጉልበቱ ሳይነካ ታላቅ ታናሹን ብድግ አድርጎ ያቅፋል፤ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ እዚያ ላይ ነው። ይህን ልነግራት ስል ግን አንድ የፓርኪንግ ቦታ ታየኝ። ሬኒየር ቢች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፓርኪንግ ታይቶ አይታለፍም፤ ማንሳቱን ሳልነግራት ቀረሁ።

በሩን የከፈተችው ብሌን ናት። እኛን አየች፣ ከኋላችን ኮቿን አየች፣ ወደ አባቷ ዞረች። "ዳድ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?" አለችው። ጌታቸው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"ነይ ልጄ፣ ጉልበቷን ሳሚ" አሏት ጋሽ ተሰማ።

"ኖ ዌይ" አለች።

ሐጂ ሰኢድ አልተቆጧትም። "ብሌንዬ፣ እኛ ዛሬ ሦስት ቀን ሙሉ ቆመናል" አሏት። ከቆባቸው ውኃ ይወርድ ነበር። ልጅቷ አየቻቸው። ከንፈሯን ነከሰችና "ኦኬ። ለናንተ ብዬ ነው፣ ለእሷ አይደለም" አለች፤ በአማርኛ።

ጎንበስ አለች። ኮቿ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ተጫዋቾቿን የምታናግረው በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ነው። ጉልበት ስላት በዚያው የገባት ይመስለኛል፣ እሷም በዚያችው ቅጽበት ተንበረከከች። ግንባርና ግንባር ተጋጩ። እንጨት የተፈለጠ ያህል ተሰማ። ብሌን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ኮቿም እንደተንበረከከች ቀረች። ጋሽ ተሰማ በሽምግልና ዘመናቸው ሁለቱም ወገን ተንበርክኮ አይተው አያውቁም። "አሁን ማን ማንን ያነሳል?" አሉ በሹክሹክታ።

ኮቿ መነሣት አልቻለችም። የድሮ የሆኪ ጉዳት ያለበት ጉልበቷ ተቆለፈ። እዚያው እንዳለች ግንባሯን ይዛ፣ የአያትሽን አላወቅኩም፣ በጣም አዝናለሁ አለቻት። ብሌን መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፣ ልቅሶ ወጣ። እያለቀሰች የኮቿን ግንባር አየች፣ እብጠቱ እያደገ ነው፤ የራሷን ነካች፣ እሱም እያደገ ነው። ሳቀች። ጌታቸው ሳቋን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ልጅቷ በኮቿ ብብት ሥር ገብታ አቆመቻት። ወጉ ታላቅ ታናሽን ያነሳል ይላል፤ እዚያ ቤት ታናሽ ታላቅን አነሣች። ሐጂ ሰኢድ መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን፣ ሦስታችንም በመጨረሻ ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ኮቿ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች። ነገ በጊዜ ነይ፣ ግን ከልምምድ ስለቀረሽ ከቤንች ትጀምሪያለሽ አለቻት። እኛ ደነገጥን። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን አነሡ። ብሌን ግን "አይ ኖው"፣ አውቃለሁ፣ ብላ ፈገግ አለች።

እሑድ ሦስታችንም በረዶ ሜዳው ሄድን፤ ያስታረቀ ሰው ፍጻሜውን ማየት አለበት። ብሌን ቤንች ላይ ናት። ተጠባባቂዋ ምስኪን ገና ከጅምሩ ሁለት ጎል ገባባት። ጋሽ ተሰማ ጎል መግባቱን የሚያውቁት ጌታቸው ሲቃትት ነው፤ ፓኳን አንድም ጊዜ አላዩዋትም። ኮቿ ወደ ቤንቹ ዞር አትልም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ብሌንን በጣቷ ጠራቻት።

ከዚያ በኋላ አልገባም። በደረቷ፣ በእግሯ፣ አንዴም በጭንቅላቷ መለሰች፤ የኛዎቹም አንድ ጎል ብለው ሁለት አሉ። በመሐል ሁለት ልጆች ተገፋፉና ዳኛዋ አንዷን ወስዳ መስታወት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ሐጂ ሰኢድ ይህን በጣም ወደዱት፤ ተጣዪን ነጥሎ ማሳሰብ የበሰለ ሰው ሥራ ነው አሉ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የኛዎቹ ሦስተኛ አገቡ። ወዲያው ከባላጋራ አንዷ ብቻዋን አምልጣ ወደ ብሌን መጣች። ጌታቸው ዓይኑን ጨፈነ፣ የኔን እጅ ጨምቆ ሊሰብረው ነበር። ብሌን ወደፊት ወጣች፣ ተዘረጋች፣ ፓኳ ከሥሯ ገብታ ጠፋች። ጥሩንባው ሲነፋ ፓኳ ጓንቷ ውስጥ ነበረች።

የቡድኑ ልጆች ሁሉ ሮጠው ላይዋ ላይ ተከመሩባት። ከክምሩ ሥር አንድ እግሯ ብቻ ይታያል። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ይዘው "ኧረ ተዉ፣ ገላግሉ" እያሉ ወደ በረዶው ሲወርዱ በጋቢያቸው ይዤ አስቀረኋቸው።

እንግዲህ ይህ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አንደኛ ሙሉ ልብሴን አሰፋሁት። ያጣላና የተጣላ አሁን እኔም ጋ ይደውላል፣ ማነው ሽማግሌ ማለቱንም ትቻለሁ። ሁለተኛው ግን የበለጠ ነው። ከጨዋታው በኋላ ኮቿ ጠጋ ብላ፣ እነዚያ አዛውንቶች ዝናብ ላይ ባይቆሙ ኖሮ አልታጠፍም ነበር አለችኝ። ብሌንም ለብቻዬ አግኝታኝ ያንኑ አለችኝ። ለሁለቱም ልክ ነሽ አልኳቸው። ለካ ሁለቱም ለመመለስ ተነሥተው፣ የጎደላቸው "የሽማግሌ ፊት አይቼ ነው" የሚሉበት ሰው ብቻ ኖሯል። እናንተም ዘንድ ተኳርፎ የቀረ ሰው ካለ ሄዳችሁ በሩ ላይ ቁሙለት። ብዙ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ እኔ ሆኪን እስካሁን አላውቀውም።

ፕሌይኦፉን ከጠየቃችሁኝ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ወደቁ። ፓኳ በብሌን እግሮች መካከል ሾለከች፤ እሷና ኮቿም የዚያኑ ዕለት መኪና ማቆሚያው ላይ ተጨቃጭቀው ተለያዩ አሉ። ይህን እንደሰማሁ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ ለጋሽ ተሰማ ደወልኩ፣ ሐጂ ሰኢድም ሱቃቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ቫኑ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ መንገድ ልንጀምር ነው ብዬ ለጌታቸው ደወልኩለት።

"ኧረ ታርቀዋል" አለኝ።

"ማን አስታረቃቸው?"

"ማንም። ማክሰኞ ለታ ብሌን ራሷ ሄዳ የኮቿን በር አንኳኳች።"

ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሐጂ ሰኢድ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ጋሽ ተሰማ ወደ መስኮቱ ዞረው "እንግዲያማ ልጅቷ አድጋለች" አሉ። ቫኑን አስነሥቼ ቁርስ ልንበላ ሄድን።